ተራራው ተጠና፤ ባላገሩስ ተነገረው?

ሰኔ ሲገባ ፈተና ያልቃል፤ ደብተር ይከደናል፤ እኛም ሻንጣችንን ተሸክመን ወደ አውቶቡስ ተራ እንወርዳለን። ይህን ጊዜ «እረፍት» ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን በዚያው በሰኔ ወር፣ የምንሄድባቸው ትንንሽ ከተሞች የዓመቱን ከባድ ሥራና የዓመቱን ከባድ ሥጋት ይጀምራሉ። ታዲያ እረፍት የተባለው ለማን ነው? ለወላጆቻችን እንዳልሆነ እርግጥ ነው። እኛ በምናርፍበት ክረምት ወገኖቻችን ስለሚፈሩት አንድ ነገር፣ እኛም ያንኑ ነገር እያወቅን ዝም ስለማለታችን ዛሬ እንጽፋለን።

ምሳሌያችን ደብረ ሲና ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ ሁሉ ያውቃታል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከተማይቱ የደጋው ብርድ ሳይለቃት፣ የቆላውም ሙቀት ሳይደርስላት፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። በበጋ የሚያልፍ መንገደኛ ቆሎውን ገዝቶ፣ ገደሉን አድንቆ ይሄዳል።

ክረምቱን የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ዳገቱን ይሸፍነዋል። ቆሎ ሻጮቹ ሴቶች ላስቲክ ተከናንበው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ መኪና መምጣቱን በጥሩምባው ያውቃሉ። የጎተራው እህል እየተሟጠጠ ይሄዳል። እንጨቱ ይረጥባል፤ ከሰል ይወደዳል። ትምህርት ቤት ተዘግቷልና ልጆቹ ለቡሄ ጅራፍ ይገምዳሉ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ አሮጊቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። እድሩ ድንኳኑን ጭቃ ላይ ይተክላል፤ ሰው በዝናብ ይቀበራል። ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ደግሞ፣ በነጋታው ከቤቱ የወጣ ሰው አስቀድሞ ቀና ብሎ የሚያየው ተራራውን ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ. ም. መግቢያ፣ በመስከረም ወር፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል በከተማይቱ አቅራቢያ ያለው ቁልቁለት ተላቆ ወረደ። ቤቱን፣ ማሳውን፣ የግጦሹን መሬት ይዞ ሄደ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። አጥኚዎች በዚያ አካባቢ ከታዩት የመሬት መንሸራተቶች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው ይሉታል። የአገሩ ሰው ግን ስም አላወጣለትም፤ «ያ ጊዜ» ቢባል ይበቃዋል።

የነገሩ ምክንያት የታወቀ ነው። ይህ ዳገት የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ መሬቱ እየተሰነጠቀ አንዱ ወገን ሲሰምጥ፣ ሳይሰምጥ የቀረው ግድግዳ ነው። ግድግዳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይና ለስላሳው የእሳተ ገሞራ አመድ በየወለሉ ተደራርበው ይገኛሉ። ለስላሳው ሲበሰብስ ሸክላ ይሆናል። ከላይ የተንከባለለው አፈርና ድንጋይ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ተከምሮ ይቀመጣል። ገበሬው የሚያርሰው፣ ቤቱንም የሚሠራው በዚህ ክምር ላይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ከሥር ያለውን ሸክላ ሲያረጥበው ክምሩ መቆሚያ ያጣል። ወንዙም ከግርጌው ይቦረቡረዋል። በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው ዳር የመሬት መንቀጥቀጥ የማያጣው አገር ነው፤ በ2017 ዓ. ም. በፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰውን መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ተቀምጠን እንኳ ሰምተነዋል።

ተራራው ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ አይወርድም። ማሳው ላይ እንደ ደጋን የታጠፈ ስንጥቅ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የነበረው ዛፍና አጥር ይዘማል። ትናንት ይዘጋ የነበረው በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። ንጹሕ የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል፤ ወይም ይደርቅና ሌላ ቦታ ይፈልቃል። ይህን ሁሉ በክፍላችን ተምረነዋል፤ ተፈትነንበታል፤ ጥሩ ማርክም አግኝተንበታል።

አሁን የራሳችንን ነውር እንናገር። ባለፈው ክረምት ከእኛ መካከል ጥቂቶቹ በዚያው ጠርዝ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ ነበርን። በቡሄ ማግስት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዩኒቨርስቲ መምጣታችንን ሰምተው ወደ ማሳቸው ወሰዱን። የገብሱን እርሻ አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ አሳዩን።

«ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል» አሉን። «ይህ ነገር አምና ጣት ነበር የሚያስገባው። ዘንድሮ ክንድ ያስገባል። ልቀመጥ ወይስ ልነሣ?»

ከመካከላችን ሥነ ምድር ያጠና ነበረ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። እሱም ጀመረ፤ የጀመረው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አንዱን ቃል ተናገረና ቆመ፤ ሌላ ፈለገና ቆመ። በመጨረሻ «አባባ፣ መሬቱ ትንሽ ችግር አለበት፤ ጥናት ያስፈልገዋል» አላቸው። ሽማግሌው በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉንና ቡና እንድንጠጣ ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ቤታቸው ከስንጥቁ በታች ነበር። ቡናውን ጠጣን፤ ቆሎውን በላን፤ ተመርቀን ወጣን። ለጥያቄያቸው መልስ አልሰጠናቸውም።

ጓደኛችን ሰነፍ ተማሪ አይደለም። እንዲያውም ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው። የተማረው ግን ለፈታኙ እንዲመልስ እንጂ ለዚያ ገበሬ እንዲመልስ አልነበረም። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ደብረ ሲና መሬት የተጻፈ ጥናት አለ። ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ተለክቷል፤ ካርታ ወጥቶለታል፤ አፈሩ ተመርምሯል። ነገር ግን አብዛኛው ጥናት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥሩ ጥሩው የታተመው በባሕር ማዶ መጽሔት ነው። አውሮፓ የተቀመጠ አንባቢ በአንድ ቀን ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ የሚተኛው ሰው ግን ስለ መኝታው ምን እንደ ተጻፈ እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ጥናቱን የምንነቅፍ አይምሰላችሁ። ያለ ጥናት ይህን ያህል እንኳ ባላወቅን ነበር። የምንነቅፈው ጥናቱ የሚያልቅበትን ቦታ ነው። አጥኚው ተራራ ሲወጣ መንገድ የሚመራው ገበሬ ነው። ስንጥቁን የሚያሳየው፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደ ደፈረሰ የሚነግረው፣ በዝናብ ሲያዝ ቤቱ የሚያስጠልለው ገበሬ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይህ ሁሉ ሰው በመግቢያው ገጽ ላይ «የአካባቢውን ሕዝብ እናመሰግናለን» በምትል አንዲት መስመር ይጠቃለላል። እሷም መስመር ብትሆን በእንግሊዝኛ ናት። መምህሩ በታተመለት ወረቀት ማዕረግ ያገኛል፤ ተማሪው ዲግሪ ያገኛል። እውቀቱን ያካፈለው ገበሬስ ምን አገኘ?

ይህ የዝምታ ነገር ምን እንደሚያስከፍል በሌላው የአገራችን ክፍል አይተነዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች በናዳ አልቀዋል። ይህን ቁጥር ሁላችንም ሰምተናል። ልብ ያላልነው እንዴት እንዳለቁ ነው። መጀመሪያ ናዳ ወርዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ አካፋና ዶማውን ይዞ መጣ። በእጁም የሚቆፍር ነበረ። ይህ ሕዝብ የተቀበረውን ሊያወጣ ሲጣጣር ተራራው ዳግመኛ ወረደበት። ከሞቱት ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የመጡ ነበሩ፤ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ነበሩባቸው።

ወገኖቻችን፣ ይህን ደጋግማችሁ አስቡት። እነዚያን ሰዎች ግዴለሾች ነበሩ የሚላቸው የለም። ከእነሱ የበለጠ ደግነት የት ይገኛል? የጎደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ዳግመኛ ሊናድ ይችላል፤ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳታቆሙ አትግቡ» የሚል። ይህ ዓረፍተ ነገር በየመማሪያ መጽሐፋችን አለ። ስንቶቻችን ለእናታችን ነግረናታል?

የሚቀርብብንን መቃወሚያ እናውቀዋለን። አንዳንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ሰው ከአደጋ ቦታ አንሥቶ መሬት መስጠት፣ መንገድ መጠገን፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መትከል የመንግሥት ግዴታ ነው። ይህን ከመጠየቅም አንቦዝንም። ነገር ግን የምናውቀውን በአማርኛ ለመናገር የማንን ፈቃድ እንጠብቃለን? በጀት የሚያስፈልገው የትኛው ቃል ነው?

ሌላው «ባላገሩ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል» ይላል። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ስንፍና አለበት። ባላገሩ ብዙ ያውቃል። ፈሰስ መቅደድን፣ እርከን መሥራትን ያስተማርነው እኛ አይደለንም። ስንጥቁን ያየው እሱ ነው፤ የጠየቀንም እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ግን ምን ይባላል?

ሦስተኛው «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። በዚህ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ሙግት አንገጥምም። ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ቦይ መቅደድ ግን የሰው ነው።

አራተኛው ብርቱ ነው። «ቢነገረው የት ይሄዳል? ሌላ መሬት የለውም» ይላል። በእርግጥም አደጋን ማወቅ መሬት አይሰጥም። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። በኅዳር 2014 ዓ. ም. ደብረ ሲና ራሷ በጦርነት ውስጥ አልፋለች፤ ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮም ክልሉ ስንት መከራ እንዳየ እናውቃለን፤ ከመካከላችን ለእረፍት አገሩ መግባት ያቃተው አለ። ይሁን እንጂ መሄጃ የሌለው ሰው እንኳ ምርጫ አለው። ዝናቡ ሌሊቱን ያላባራ እንደሆነ ልጆቹን ይዞ ዘመድ ቤት ማደር ይችላል። አዲሱን ጎጆ ከስንጥቁ ራቅ አድርጎ መሥራት ይችላል። እድሩን አስተባብሮ ውኃውን ወደ ጎን የሚያዞር ቦይ መቅደድ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ካወቀ ነው። ድሃ ስለሆነ አይነገረው ማለት በድህነቱ ላይ ድንቁርና መጨመር ነው።

«በክረምት በጎ ፈቃድ እንሠራ የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። እንሠራለን። ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ዘመቻ ችግኝ ስንተክል ቆይተናል፤ አንድ አይነት ቲሸርት ለብሰን ፎቶግራፍ ተነሥተናል። ችግኝ መልካም ነው፤ አፈር ይይዛል፤ ጥላ ይሆናል። ነገር ግን ከሥር ብዙ ሜትር ጠልቆ የሚንሸራተትን ቁልቁለት የዛፍ ሥር አይዘውም። ይባስ ብሎ፣ በተሰነጠቀ ቁልቁለት ላይ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ መቆፈር ተራራውን ውኃ ማጠጣት ነው። የት እንደሚተከልና የት እንደማይቆፈር ሊነግር የሚገባው የተማረው ሰው ነበር። የተማረው ሰው ግን ከሌላው ጋር ተሰልፎ ይቆፍራል።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ክረምትንም ሆነ በጋን ለሕዝብ ማዋል እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም። በ1957 ዓ. ም. የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ። በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተሰማርቶ ፊደል አስቆጠረ። የእነዚያን ዘመናት ጉድለት አንሸፍንም፤ ብዙ ነገር በግዴታ የተደረገ ነበር። ቢሆንም ወጣቶቹ የሚያውቁትን ነገር በሰው ቋንቋ መናገር ነበረባቸው። እኛ ሳንገደድ ይህን ማድረግ ያቅተናል?

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን። አስቀድመን የምንጠይቀው ራሳችንን ነው።

1ኛ. በማንኛውም የአገራችን አካባቢ ስለ መሬት መንሸራተት፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ውኃ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ይጻፍ። «ማትሪክ ያላለፈ ሰው ሰምቶ ይገባዋል ወይ?» የሚለው መለኪያው ይሁን። መምህራኖቻችንም ያለዚህ ማጠቃለያ ጽሑፉን አንቀበልም ይበሉ።

2ኛ. ይህ ማጠቃለያ በኅብረታችን ማባዣ ይባዛ። በክረምት ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ ይዞት ይሂድ። በእድር ስብሰባ፣ በሰንበቴ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ደጅ፣ በገበያ ቀን ይነበብ። ከአንድ መቶ የግድግዳ ማስታወቂያ አንድ የእድር ዳኛ ይበልጣል።

3ኛ. ስንጥቅ ባለበት ማሳ ሁሉ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ይተከል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሳምንቱ፣ በዝናብ ሰሞንም በየቀኑ በሜትር ይለካ፤ በደብተር ይጻፍ። ይህን ለመሥራት ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የገበሬ ልጅ ይበቃል። ልኩ በፍጥነት መጨመር ከጀመረ ቤተሰቡ ይነሣ፤ ለቀበሌውም ይነገር። ስንጥቁም ውኃ እንዳያስገባ በሸክላ አፈር ይደፈን፤ ከላይ የሚመጣው ውኃ በቦይ ይዙር።

4ኛ. ይህ የደብተር ልክ ሲሰበሰብ ወደ ትምህርት ክፍሎቻችን ይመለስ። ያን ጊዜ መምህሩም ከባሕር ማዶ የማያገኘውን መረጃ ያገኛል፤ ገበሬውም በምስጋና ገጽ ብቻ የሚጠቀስ መሆኑ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ተራራው አይወርድም አንልም። ተራራው ሊወርድ ይችላል። የምንለው ሰው የሌለበትን ቤት ይዞ ይውረድ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የያዝነው ልማድ ሌላ ነው፤ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነን። ናዳ በወረደ ማግስት ሻማ እናበራለን፤ ገንዘብ እናዋጣለን፤ በሐዘን ላይ ረጅም ረጅም ጽሑፍ እንጽፋለን። ይህ ጋዜጣም ከዚህ በደል ነጻ አይደለም። በ2016 ዓ. ም. ሐምሌ ያለቀሰ ሁሉ በሚቀጥለው ሰኔ ምን ይዞ አገሩ ገባ?

ከደጋ ጠርዝና ከተራራማ ወረዳ የመጣችሁ ተማሪዎች በሙሉ፣ የሥነ ምድር፣ የጂኦግራፊ፣ የግብርናና የምህንድስና ተማሪዎችም በተለይ፣ ከፈተናው በፊት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ስማችሁንና የምትሄዱበትን ወረዳ አስመዝግቡ። መምህራን የመጀመሪያዎቹን ማጠቃለያዎች አርሙልን። አማርኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አትፈሩ፤ እኛንም አስቸግሮናል። ለዚያ ሽማግሌ የሚሆነውን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደነዋል። አራተኛው ደኅና ወጥቶልናል። በዚህ ክረምት ወስደን እናነብላቸዋለን፤ ጥያቄያቸው «ልቀመጥ ወይስ ልነሣ?» የሚል ነበርና፣ የጽሑፋችን የመጀመሪያ መስመር «ይነሡ፣ አባባ» የሚል ነው።